ብረት ሠሪ ያልተገኘበት ምድር፦ የእጅ መሣሪያ ሠሪዎችን የሥራ ዘመን ትዝታ ስለ መሰብሰብ

በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ ምዕራፍ 13 መጨረሻ ላይ፣ በጦርነቱ ታሪክ መካከል የገባች አጭር ማስታወሻ አለች። ንባቡ ወደ ዮናታን ጀግንነት ስለሚያመራ ብዙዎቻችን ሳናስተውላት እናልፋለን። ፍልስጥኤማውያን ዕብራውያን ሰይፍና ጦር እንዳይሠሩ ስለ ፈሩ በእስራኤል ምድር ሁሉ አንድም ብረት ሠሪ አልነበረም። ስለዚህ እስራኤላዊው ገበሬ ማረሻውን፣ ዶማውን፣ መጥረቢያውንና ማጭዱን ለማሳል ወደ ጠላቶቹ ይወርድ ነበር። የጦርነቱ ቀን በደረሰ ጊዜም ከሳኦልና ከዮናታን በቀር ከሕዝቡ በአንዱም እጅ ሰይፍ ወይም ጦር አልተገኘም።

ክልከላው የታሰበው ለሰይፍ ነበር፤ የነካው ግን ማረሻንም ጭምር ነው። ሰይፍን የሚሠራው እጅና ማረሻን የሚሠራው እጅ አንድ ነውና። ናቡከደነፆርም ይህን ያውቅ ነበር። በመጽሐፈ ነገሥት ካልዕ ምዕራፍ 24 እንደ ተጻፈ፣ ከኢየሩሳሌም ንጉሡንና መኳንንቱን፣ ኃያላን ሰልፈኞችንም ሲማርክ፣ ሠራተኞችንና ብረት ሠሪዎችን 1,000 ያህል ቆጥሮ ወደ ባቢሎን ወስዷል። ድል አድራጊው የማረካቸው ሰዎች ዝርዝር፣ አንድን ሕዝብ ቀጥ አድርጎ የሚያቆመው ማን እንደ ሆነ ያሳያል።

ይህ ትምህርት ለሰበካ ጉባኤ የልማት ክፍሎችና ለሰንበት ትምህርት ቤት የጥናት ቡድኖች የተዘጋጀ ነው። ጉዳዩ እርከን ስንሠራ፣ ችግኝ ስንተክል፣ ምንጭ ስናጎለብት በእጃችን የምንይዘውን መሣሪያ የሚሠሩልንን ሰዎች ይመለከታል። ከእነርሱ ብዙዎቹ አርጅተዋል፤ ልጆቻቸውም ሙያውን እየተዉ ነው። እውቀታቸው በመጽሐፍ ስላልሰፈረ የሚገኘው በትዝታቸው ውስጥ ብቻ ነው። ሽማግሌው ሲያርፉ ማረሻ የማሳል ጥበብም አብሮአቸው ያርፋል።

የመሣሪያው ስም የሚነግረን

ወደ አንድ ብረት ሠሪ የሥራ ጎጆ ገብተን የምናየውን ሁሉ በስሙ ብንጠራ፣ ስሞቹ ብቻቸውን ታሪክ ይነግሩናል። ወናፍ፣ መስፍ፣ ጉጠት፣ መዶሻ፣ ሞረድ፣ መሮ፤ እነዚህ የቆዩ የአገራችን ቃላት ናቸው። ከጎጆው የሚወጡት ዕቃዎችም ማረሻ፣ ወገል፣ ዶማ፣ ማጭድ፣ መጥረቢያ እየተባሉ በገበሬው አፍ ከጥንት ጀምሮ ይጠራሉ። በከተማ ጋራዥ የምናገኛቸው ግን ፒንሳ፣ ካቻቢቴ፣ ሞርሳ፣ ሴጌቶ ይባላሉ። እነዚህ ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው፤ ከመኪናው፣ ከመንገዱና ከወረራው ዘመን ጋር ወደ አገራችን ገብተው ቀርተዋል። ገበሬው መሣሪያውን በራሱ ቋንቋ ሲጠራ መካኒኩ በባዕድ ቋንቋ የሚጠራው፣ የመጀመሪያው መሣሪያ እዚሁ ተሠርቶ ሁለተኛው ተገዝቶ ስለ መጣ ነው።

ይሁን እንጂ ሁለቱ ዓለማት ከተገናኙ ቆይተዋል። ቀድሞ ብረቱን ራሱን ከማዕድኑ አቅልጠው የሚያወጡ ባለሙያዎች ነበሩ። ውዳቂ ብረት እንደ ልብ መገኘት ከጀመረ ወዲህ ይህ ድካም ቀርቷል። የዛሬው ብረት ሠሪ ከሁሉ አብልጦ የሚፈልገው የመኪና ባሌስትራ ነው። በአዲስ አበባ መርካቶ ምናለሽ ተራ የገባ ሰው ይህን በዓይኑ ያያል፤ አንዱ የጣለው ላሜራ፣ በርሜልና ፌሮ በሌላው እጅ ምድጃ፣ ማንጠልጠያና መዶሻ ሆኖ ይወጣል። የከተማው ሰው አዲስ ነገር እንደ ተገኘ ያህል ስለ ብክነት ቅነሳ ስብሰባ ሲጠራ፣ እነዚህ ሰዎች ያለ ስብሰባ ሲሠሩት መኖራቸውን ልብ ማለት ይገባል።

ወናፍ የሚነፋው ልጅ

የቀጥቃጭ ልጅ ሙያውን የሚጀምረው መዶሻ በማንሣት አይደለም፤ ወናፍ በመንፋት ነው። ወናፉ ከፍየል ቆዳ የተሰፋ ሁለት ከረጢት ነው። ልጁ በሁለቱ መካከል ተቀምጦ አንዱን ሲጫን ሌላውን ይከፍታል፤ ነፋሱም በሸክላ ቱቦ አልፎ ወደ ከሰሉ ይገባል።

በሥራ ምክንያት ያገኘናቸው አንድ ሸምገል ያሉ ብረት ሠሪ ስለ ልጅነታቸው ስንጠይቃቸው ከሁሉ አስቀድመው ያነሡት ስለ ነፋሱ ነበር። ነፋሱ ከተቋረጠ ብረቱ ይቀዘቅዛል፤ ከበዛ ደግሞ ይቃጠላል። አባታቸው ዓይናቸውን ከእሳቱ ሳያነሡ በጉሮሮ ድምፅ ብቻ ፍጠን ወይም ዝግ በል ይሏቸው እንደ ነበር አስታወሱ። ልጁ ቃል ሳይሰማ ማዘዣውን ያውቃል። ከዚያ ከፍ ሲሉ ታላቁን መዶሻ ይዘው ከአባታቸው ፊት ለፊት ቆሙ። አባት በትንሿ መዶሻ የሚመታውን ስፍራ ያመለክታሉ፤ ልጅ በትልቋ እዚያው ላይ ያሳርፋል። አባት ትንሿን መዶሻ በመስፉ ላይ ባዶውን መታ ሲያደርጉ ማቆም ነው። በዚህ ሁኔታ ሁለት ሰዎች አንድ ቃል ሳይለዋወጡ ማረሻ ሠርተው ይጨርሳሉ።

ጎጆው ጨለም ያለበትን ምክንያት ብዙ ጎብኚ የድህነት ምልክት አድርጎ ይወስደዋል። ነገሩ ሌላ ነው። ብረት ሠሪው ሙቀትን የሚለካው በዓይኑ ነው፤ የጋለ ብረት ቀለም ደግሞ በፀሐይ ብርሃን አይለይም። ጠቆር ያለ ቀይ፣ የደም ቀይ፣ ብርቱካንማ፣ ቢጫ፣ ነጭ፤ እያንዳንዱ የራሱ ሥራ አለው። ነጭ ሆኖ ብልጭታ መርጨት ከጀመረ ብረቱ ተቃጥሏል፤ ከእንግዲህ ለስለት አይሆንም።

እዚህ ላይ ጥቂት መቆየት ያስፈልጋል፤ የሙያው ልብ ይህ ነውና። የባሌስትራ ብረት በውስጡ በቂ ካርቦን ስላለው 800 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ደርሶ በድንገት ሲቀዘቅዝ እጅግ ይጠነክራል። ነገር ግን እንደ ብርጭቆ ይሰበራል፤ በዚያው ሁኔታ ለገበሬ ቢሰጥ በመጀመሪያው ድንጋይ ላይ ይሸረፋል። ስለዚህ ብረት ሠሪው ከነከረው በኋላ ስለቱን ጠርጎ ያበራዋል፤ ከዚያም በዝግታ መልሶ ያሞቀዋል። በጠራው ብረት ላይ መጀመሪያ የገለባ ቀለም፣ ቀጥሎ ቡናማ፣ ከዚያ ሐምራዊ፣ በመጨረሻም ሰማያዊ ይታያል። የገለባው ቀለም 220 ዲግሪ ገደማ ሲሆን ሰማያዊው ወደ 300 ይጠጋል። ለምላጭ ገለባው ላይ ይቆማል፤ ድንጋይ ለሚያገኘው መሣሪያ ወደ ሐምራዊና ወደ ሰማያዊ ይሻገራል። ቀለሙ ከአንዱ ወደ ሌላው ለመሸጋገር የሚፈጅበት ጊዜ ጥቂት ትንፋሽ ነው። በዚያች ቅጽበት እንደ ገና ወደ ውኃው ካልገባ ሥራው ሁሉ ከመጀመሪያው ይደገማል።

የፌሮ ብረት ግን በአብዛኛው ካርቦኑ ጥቂት ስለሆነ ቢነከርም ስለት አይዝም። መልኩን ለማያውቅ ገዢ ከፌሮ የተሠራ ማጭድና ከባሌስትራ የተሠራ ማጭድ አንድ ይመስሉታል። ለይቶ ማወቅ ቀላል ነው፤ ሞረድ በስለቱ ላይ ሲሳብ ብረቱን ከነከሰው ለስላሳ ነው፤ ከተንሸራተተ ጠንካራ ነው። ያነጋገርናቸው አባት ሞረድም አላስፈለጋቸውም። ቁራጩን በድንጋይ ላይ ጥለው ድምፁን ሰሙና ወደ ጎን አደረጉት።

የሚያሳዝነው ዛሬ ጆሯቸው ራሱ መድከሙ ነው። ዕድሜ ልክ ከመዶሻ ድምፅ አጠገብ የኖረ ጆሮ አስቀድሞ የሚያጣው ቀጫጭኑን ድምፅ ነው። በቅዳሴ ጊዜ ከበሮውንና ዜማውን እንደሚሰሙ፣ የስብከቱን ቃል ግን መለየት እንዳቃታቸው ነገሩን። ክንዳቸው ብልጭታ በለበለባቸው ትናንሽ ጠባሳዎች የተሞላ ነው። አንዱ ዓይናቸውም ደክሟል። በሥራ ዘመናቸው ሁሉ የመከላከያ መነጽር የሰጣቸው ቀርቶ ስለ መነጽር የነገራቸው ሰው እንኳ አልነበረም።

በእህል የተከፈለ ዋጋ

በብዙ የገጠር አካባቢ ብረት ሠሪው ዋጋውን የሚቀበለው በገንዘብ አልነበረም። ዓመቱን ሙሉ የገበሬውን ማረሻ ሲስል ከርሞ በአጨዳ ጊዜ ከአውድማ እህል ይሰፈርለታል። ይህ ሥርዓት መልካም ጎን ነበረው፤ ሰብል ሲበላሽ ገበሬውም ብረት ሠሪውም አብረው ይራባሉና የአንዱ ማጣት ከሌላው አይሰወርም። ነገር ግን ብዙ ብረት ሠሪዎች ርስት ስላልነበራቸው፣ ከአውድማው የሚሰፈርላቸው በመሬቱ ባለቤት ፈቃድ ላይ የተመሠረተ ነበር። ጎበዙ ጥቂት ቢሰፍርላቸው የሚከራከሩበት ስፍራ አልነበራቸውም።

ከዚህ የከፋው ስድቡ ነው። ጠይብ፣ ቡዳ፣ ሌሊት ጅብ የሚሆን፤ እነዚህን ቃላት ያልሰማ የቀጥቃጭ ልጅ ማግኘት ያስቸግራል። ጋብቻ ይከለከላል፤ በድግስ ላይ ለብቻ ይቀመጣል። በጎንደር አካባቢ ብረት ከሚሠሩትና ሸክላ ከሚሠሩት መካከል ብዙዎቹ ቤተ እስራኤል ነበሩ፤ በእነርሱ ላይ የሙያው ስድብ በሃይማኖት ልዩነት ላይ ተደርቦባቸዋል። በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. በተደረጉት ታላላቅ ጉዞዎች አብዛኞቹ ወደ እስራኤል ሄደዋል። ያን የመጽሐፈ ሳሙኤል ንባብ ይዞ ይህን ታሪክ የሚያስብ ሰው በቀላሉ አያልፈውም።

ነገሥታቱ የባለ እጅን ጥቅም ያውቁ ነበር፤ ያወቁት ግን ይበልጡን ለጦርነት ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት የሰበሰቧቸው የአውሮፓና የአገር ውስጥ ባለሙያዎች ሴባስቶፖል የተባለውን ታላቅ መድፍ አፍስሰዋል። መድፉ ወደ መቅደላ ሲጎተት የገበሬው ማረሻ በቦታው ነበር፤ ሠሪውም እንደ ቀድሞው ይሰደብ ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ገደማ ባወጡት አዋጅ ሠራተኛን በሥራው እየጠሩ መስደብን መከልከላቸው ታላቅ እርምጃ ነው። ብረት ሠሪውም፣ ሸማኔውም፣ ገበሬውም በአዋጁ ታስበዋል። ይሁን እንጂ አዋጅ አፍን ቢዘጋ ልብን ለመክፈት የሚችለው ትምህርት ነው፤ ይህ ደግሞ የእኛ ድርሻ ነበር፤ አሁንም ነው።

እኚያ ሽማግሌ ሦስት ወንዶች ልጆች ወልደዋል። አንዳቸውም መዶሻውን አልያዙም። የበኩሩ ልጅ በከተማ ባጃጅ ይነዳል። ከትምህርት ቤት እያለቀሰ በተመለሰበት ቀን ሙያውን እንዲተው የነገሩት ራሳቸው እንደ ሆኑ ገልጸውልናል። የአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን በር የቆመበትን ማጠፊያና የሚዘጋበትን መወርወሪያ የሠሩት እርሳቸው ናቸው። በሰበካ ጉባኤ ግን አንድም ቀን ተመርጠው አያውቁም።

ጠቢብ እንዴት ጠይብ ሆነ?

ጠይብ የሚለው ስድብ ምንጩ የግእዙ ጠቢብ ነው። ጠቢብ ማለት ጥበበኛ፣ አዋቂ፣ የእጅ ሙያ ያለው ማለት ነው። በኦሪት ዘፀአት ምዕራፍ 31 እግዚአብሔር ባስልኤልን በስሙ ጠርቶ በጥበብ መንፈስ እንደ ሞላው፣ በወርቅ፣ በብርና በናስ እንዲሠራ እንዳደረገው እናነባለን። እንግዲህ መጽሐፍ ቅዱስ የመንፈስ ሙላት ያገኘ ሰው አድርጎ የሚያሳየን የእጅ ባለሙያ ነው። ይህን የክብር ስም ወስዶ ስድብ ያደረገው የእኛው ልማድ ነው።

እዚህ ላይ ሳንሸፋፍን መናገር ያለብን ነገር አለ። በአንገት በሚታሰሩና በብራና በሚጻፉ አንዳንድ የክታብ ጽሑፎች ውስጥ ቡዳን ለማሰር በሚደረደሩት ስሞች መካከል ነሃቢ የሚለው ቃልም ይገኛል። ነሃቢ በግእዝ ብረት ሠሪ ማለት ነው። የሙያ ስም ከአጋንንት ስም ጋር በአንድ ረድፍ ገብቷል ማለት ነው። ይህ ልማድ በቤተ ክርስቲያን ጥላ ሥር የበቀለ ቢሆንም የቤተ ክርስቲያን ትምህርት አይደለም። ቤተ ክርስቲያን ርኩሳን መናፍስት መኖራቸውን ታስተምራለች፤ በሙያ ወይም በዘር ይወረሳሉ ብላ ግን አታስተምርም። በአንዲት ጥምቀት የተጠመቀውን፣ ከአንዱ ሥጋና ደም የሚቀበለውን ሰው በመዶሻው ምክንያት መለየት፣ ጥምቀቱን ማቃለል ነው። ሐዋርያው ያዕቆብ በመልእክቱ ምዕራፍ 2 ፊት አይቶ ማድላትን ከኃጢአት ሲቆጥረው፣ ነገሩ እኛንም ይነካል።

በመጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38 ጠቢቡ ብረት ሠሪውን ከመስፉ አጠገብ ተቀምጦ፣ የእሳቱ ወላፈን ሥጋውን እያቀለጠው፣ የመዶሻ ድምፅ ጆሮውን እየሞላው ያሳየናል። ይህን የጻፈው ሰው የሥራ ጎጆ ውስጥ ገብቶ ያየ መሆኑ ያስታውቃል። ቀጥሎም እነዚህ ሰዎች ከሌሉ ከተማ እንደማይቆም፣ ይሁንና ለሸንጎ ምክር እንደማይፈለጉ፣ ጸሎታቸውም በሙያቸው ሥራ ውስጥ እንደ ሆነ ይናገራል። ብዙ ጊዜ ይህ ንባብ የጸሓፊን ሙያ ከፍ ለማድረግ ብቻ ይጠቀሳል። ከሰበካ ጉባኤ ውጭ የኖሩትን ሽማግሌ ካየን በኋላ ግን ለሸንጎ አለመፈለጋቸው የተጻፈው ለእኛ ወቀሳ ጭምር እንደ ሆነ አድርጎ ማንበብ ይገባናል።

ነቢዩ ኤልሳዕም አለ። በመጽሐፈ ነገሥት ካልዕ ምዕራፍ 6 ከነቢያት ልጆች አንዱ እንጨት ሲቆርጥ የመጥረቢያው ብረት ወደ ዮርዳኖስ ወደቀ። ሰውየው የጮኸው መጥረቢያው የተዋሰው ስለ ነበር ነው። ነቢዩ ሙት ባስነሣበት ኃይል የአንድ ድኻ መጥረቢያ ከውኃ አወጣ። የእጅ መሣሪያ መጥፋት ለባለጠጋ ምንም ባይሆን ለድኻ ዕዳ መሆኑን እግዚአብሔር ያውቃል።

ራሱ ቤተ መቅደሳችንስ በምን ቆመ? የላሊበላ 11 አብያተ ክርስቲያናት ከዐለት የተፈለፈሉት በብረት መሣሪያ ነው፤ የስለቱ ዱካ እስከ ዛሬ በግድግዳው ላይ ይታያል። ብራናው የሚፋቀው በብረት፣ ብዕሩ የሚቀረጸው በካራ ነው። ከእያንዳንዱ ቅዱስ ሥራ በስተጀርባ ስሙ ያልተጻፈ አንድ ብረት ሠሪ አለ።

ከሸፊልድ የምንማረው

ትዝታን መሰብሰብ ምን ዓይነት ሥራ እንደ ሆነ ለማየት ቀድሞ የተሠራበትን ስፍራ መመልከት ይጠቅማል። በእንግሊዝ አገር የምትገኘው ሸፊልድ የቢላዋ፣ የመሮ፣ የሞረድና የመጋዝ ከተማ ነበረች። ሥራው የተከፋፈለ ነበር፤ አንዱ ይቀጠቅጣል፣ አንዱ ይስላል፣ ሌላው እጀታ ያበጃል። ከትላልቅ ፋብሪካዎች ጎን ለጎን አንድ ክፍል ተከራይተው ለራሳቸው የሚሠሩ አነስተኛ ጌቶች ነበሩ።

የእነዚያ ሠራተኞች ትዝታ መልካሙን ብቻ አይነግረንም። በደረቅ ድንጋይ ሹካ የሚስሉት ሰዎች የድንጋዩንና የብረቱን ብናኝ እየሳቡ በወጣትነታቸው ይሞቱ ነበር። ሞረድ በእጅ የሚቆርጡት ደግሞ ሞረዱን የሚያሳርፉት በእርሳስ ንጣፍ ላይ ስለ ነበር በእርሳስ ይመረዙ ነበር። በ19ኛው መቶ ዓመት አቧራውን የሚስብ መሣሪያ ሲቀርብላቸው አንዳንድ ሠራተኞች መቃወማቸው በዘመኑ ተጽፏል፤ ሞት ከቀነሰ ሠራተኛው በዝቶ ደመወዝ ይወርዳል ብለው ስለ ሰጉ ነው። ድኽነት ሰውን የገዛ ትንፋሹን እስኪሸጥ ድረስ ሊያደርሰው እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አላውቅም።

በ20ኛው መቶ ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ ብዙዎቹ የሥራ ቤቶች ሲዘጉ በመሣሪያ ንግድ ይተዳደር የነበረ ኬን ሃውሊ የተባለ ሰው የተጣለውን መልቀም ጀመረ። ያለቀለትን መሣሪያ ብቻ አልሰበሰበም፤ በሥራ መካከል ያለውን ያላለቀ ዕቃ፣ መሣሪያ የሚሠራበትን መሣሪያ፣ የዋጋ መዘርዝሩን፣ የሠራተኞቹንም ቃል አብሮ ያዘ። በ2014 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ዐርፏል፤ ስብስቡ በሸፊልድ በኬልሃም ደሴት ቤተ መዘክር ይገኛል። ያላለቀ ዕቃ መሰብሰብ ሞኝነት ሊመስል ይችላል። ያለቀ ማጭድ ግን እንዴት እንደ ተሠራ አይናገርም፤ በመጀመሪያው፣ በሦስተኛውና በአምስተኛው ግለት ላይ የቆሙ ሦስት ቁራጮች ግን አጠገብ ለአጠገብ ሲቀመጡ ሙያውን ያስተምራሉ።

በፕሮጀክቶቻችን ላይ

ለአፈርና ውኃ ጥበቃ ሥራ አካፋና ዶማ ሲገዛ ዋጋው ይመረመራል፣ ብዛቱ ይቆጠራል፣ ፊርማ ይሰበሰባል። ስለ ብረቱ የሚጠይቅ ብዙ ጊዜ የለም። በአንድ ስፍራ የታደለው ዶማ በመጀመሪያው የድንጋይ እርከን ላይ ሲታጠፍ አይተናል። ገበሬዎቹ ወደ አካባቢው ብረት ሠሪ ወሰዱት፤ እርሱም አይቶ ብረቱ ሊስተካከል እንጂ ስለት ሊይዝ እንደማይችል ነገራቸው። ይህን ከግዢው በፊት ጠይቀነው ቢሆን በአንድ የሞረድ ሳብታ ይነግረን ነበር።

የክብደቱ ጉዳይ ደግሞ አለ። በእርከን ሥራ ላይ የሚሰለፉት በብዛት ሴቶች ናቸው፤ የሚታደላቸው ዶማ ግን የተለካው ለጎልማሳ ወንድ ነው። የአካባቢ ብረት ሠሪ ሰውየዋን አይቶ ይሠራል። የፋብሪካ ዕቃ አይጠላም፤ በአገራችንም በአቃቂ የመለዋወጫና የእጅ መሣሪያዎች ፋብሪካ መቋቋሙ የሚያስመሰግን ነው። ፋብሪካ ግን ቀበሌ ድረስ ወርዶ የዶለዶመ ማረሻ አይስልም። መሣሪያ ታድሎ ጥገናው ካልታሰበ፣ ፕሮጀክቱ በተዘጋ በሁለተኛው ዓመት ገበሬው እንደ እስራኤላዊው ራቅ ወዳለ አገር ለማሳል መጓዙ አይቀርም።

ስለዚህ በመሣሪያ ግዢ ዕቅዳችን ውስጥ ሁለት ነገር እንዲገባ እንጠይቃለን። አንደኛው የአካባቢው ብረት ሠሪ ናሙናውን እንዲያይና አስተያየቱ በጽሑፍ እንዲያያዝ፣ ለድካሙም እንዲከፈለው ነው። ሁለተኛው ከበጀቱ ጥቂቱ ለመከላከያ መነጽር፣ ለጆሮ መሸፈኛና ለጢስ ማውጫ እንዲውል ነው። ገንዘቡ ትንሽ ነው፤ የሚያድነው ዓይን ግን ተመልሶ አይገዛም።

ትዝታውን ስንሰበስብ

የጥናት ቡድኖች በየአጥቢያቸው ቢያንስ አንድ ሸምገል ያሉ መሣሪያ ሠሪን እንዲያነጋግሩ ይህን ትምህርት አያይዘን እንልካለን። በጥያቄ ወረቀት መጀመር አያስፈልግም፤ ወረቀት ሲያዩ አረጋውያን ግብር ሊጣልባቸው ነው ብለው ይጠረጥራሉ። ከካህናቱ አንዱ አብሮ ቢሄድ፣ በጎጆው ውስጥ ቢቀመጥና የቀረበውን ቢቀምስ፣ ይህ ብቻውን በመንደሩ ውስጥ ከብዙ ስብከት የበለጠ ይሰማል።

መጀመሪያ የሚጠየቀው ከማን እንደ ተማሩ ነው። ወናፍ ሲነፉ ስንት ዓመት ቆዩ? የመጀመሪያውን ማረሻ ብቻቸውን የሠሩት ለማን ነበር? መልካሙን ብረት ከክፉው በምን ይለያሉ? ማጭድ ሲነክሩ የትኛው ቀለም ላይ ያቆማሉ? ዋጋቸውን በእህል ሲቀበሉ መስፈሪያው ምን ነበር፣ ያልከፈለስ ምን ይደረግ ነበር? ቁስሉ የት እንደ ሆነ፣ ዓይናቸውና ጆሯቸው መቼ እንደ ደከመ ይጠየቅ። ስለ ስድቡ ግን እኛ አስቀድመን አናነሣም፤ ራሳቸው ካነሡት ሳናቋርጥ እንሰማለን፤ የሰዳቢዎቹን ስም አንጽፍም። ባለቤታቸውንም ማነጋገር ይገባል፤ ከሰሉን የተሸከሙት፣ ዕቃውን ገበያ አውጥተው የሸጡት በብዙ ቤት እነርሱ ናቸውና።

ድምፃቸው ሲቀረጽ ፈቃዳቸው ይጠየቅ፤ ከቅጂው አንዱ ለቤተሰቡ ይሰጥ፣ ሌላው በአጥቢያው መዝገብ ቤት ይቀመጥ። ፈቃደኛ ከሆኑ አንድ ማጭድ በሦስት ደረጃ ቆሞ እንዲሠራ ዋጋውን ከፍለን እናሠራ፤ ብረቱንም እኛ እናቅርብ። ጊዜውን በተመለከተ፣ ከእርሻ በፊት ግንቦትና ሰኔ ማረሻ፣ ከአጨዳ በፊትም ማጭድ ስለሚበዛባቸው በእነዚህ ወራት ባንሄድባቸው ይሻላል። ከጥምቀት በኋላ ባሉት ሳምንታት ግን መስፉ ያርፋል፤ ለመነጋገርም ጊዜ ይኖራቸዋል።